የጋሽ ዘርጋ ውክልና

ዛሬ አንድ ቁልፍ ነገር ላወራችሁ ነው። ቁልፍ ስል ዋና ማለቴ አይደለም፤ በር የሚከፍተውን ብረት ማለቴ ነው። ከተማችንን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ፣ ቤት ከፍቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ቁልፉን ግን ከኪሱ የማያወጣ ነጋዴ አታጡም። እሱ ሲያመው ንግዱም ያመዋል። እሱ ለቅሶ ሲሄድ ንግዱም አብሮ ያለቅሳል። ከሰሜን መጥቼ ቡታጅራ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ጋሽ ዘርጋ ያለ ግን አላየሁም።

ጋሽ ዘርጋ ክትፎ ቤት አላቸው። ሥጋውን የሚከትፉት ሠራተኞች ናቸው፤ ወጥ ቤቱን የሚመሩት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ የቅቤውና የሚጥሚጣው ሣጥን ቁልፍ ግን በክር ታስሮ የሚውለው ጋሽ ዘርጋ አንገት ላይ ነበር። ያለ ቅቤና ያለ ሚጥሚጣ ክትፎ ምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ የተከተፈ ሥጋ ነው። አንድ ቀን አማቶቼ ከአገር ቤት መጡና፣ አገሩ በምን እንደሚታወቅ ላሳያቸው ብዬ እየተኩራራሁ ወሰድኳቸው። ጋሽ ዘርጋ ለካ በርበሬ ሊገዙ ቆሼ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ወርደዋል። ቁልፉም አብሯቸው ወርዷል። አማቶቼ ሽሮ በልተው ተመለሱ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛው ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ወደተከፈተው አዲስ ክትፎ ቤት ይሻገር ጀመር። ጋሽ ዘርጋ ደግሞ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ስለዚህ ወልቂጤ ላይ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና አለ ሲባል ሳያቅማሙ ሄዱ። አሠልጣኙ ምላሱ የተፈታ ወጣት ነበር አሉ። «ሁሉን ብቻችሁን አትያዙ፣ ሥራችሁን በውክልና ስጡ!» እያለ ሲደጋግምላቸው ዋለ።

እኔና እናንተ ብንሆን፣ ኃላፊነት አጋሩ ማለቱ ነው ብለን እናልፈዋለን። ጋሽ ዘርጋ የሚያውቁት ውክልና ግን በማኅተም የሚሰጠውን ብቻ ነው። በማግስቱ እትዬ አስካለን አስከትለው ውክልና ወደሚጻፍበት ቢሮ ሄዱና ሙሉ ውክልና ሰጧቸው። አሠልጣኙ ይህን ቢሰማ በሥራው የሚቀጥል አይመስለኝም።

እትዬ አስካለ ወረቀቱን እንደተቀበሉ ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

«የምን ቁልፍ?»

«ተወክያለሁ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሚስማር ላይ ዋለ። ቅቤውን አንዷ ሠራተኛ፣ ሚጥሚጣውን ሌላዋ ተረከበች። ለጋሽ ዘርጋም ሥራ ተሰጣቸው፤ በር ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል። ሰውዬው የአካባቢውን የመስቃንን ሰው ከነዘመድ አዝማዱ ያውቁታል፤ «እናትህ ደኅና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች?» እያሉ ከያዙት አይለቁም። ማዶ የተሻገረው ደንበኛ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ቤቱ ሞላ። እኔም አማቶቼን እንደገና ለመጥራት ድፍረት አገኘሁ።

ያልተደሰቱት ጋሽ ዘርጋ ብቻ ናቸው። «መምህር፣ በገዛ ቤቴ ዘበኛ ሆንኩ!» ብለው ውክልናውን ሊሽሩ ተነሡ። ለማጽናኛ ይሁን ለምስክርነት እንጃ፣ እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴ እያዘነ ሆዴ ግን ስለ ክትፎው ይጨነቅ ነበር።

ቢሮው ክፍት ነው፤ ጸሐፊዋም አለች።

«ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል፣ አባባ። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዘውት ሄደዋል።»

ጋሽ ዘርጋ ደማቸው ፈላ። «ኧረ በእግዜር! ለአንድ ሰው እንኳ ትተው አይሄዱም? ቁልፍ ይዞ እየተዞረ ሥራ ይሠራል እንዴ?»

ጸሐፊዋ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ጋሽ ዘርጋ ሌላ ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ። ክሩ የለም። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ና እንሂድ መምህር፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ በሩ ላይ ሰው የለም።»

ቤታቸው ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«የሄድንበትን ለአስካለ እንዳትነግራት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ ቆሼ መውረድ አምሮኛል፤ ከሰማች ፈቃድ ትከለክለኛለች።»