የፍሬን ቱቦው ስንጥቅ

1977 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ ግንቦት። ዝናብ ጠፍቶ ድሬዳዋ ላይ ድንጋዩ ሳይቀር የሚያልብ ይመስል ነበር።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ከዝንብ ሌላ ያሰበው ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ አፌን ዘግቼ ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ዝንብ አልገባብኝም፣ እውነት ነው። ልጄ ግን ከቤቴ ወጣ። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች ስም ሲነበብ አብዲ ተጠራ። አንድ ልጄ ነው፤ ከእሱ ሌላ አብሮኝ የሚያርስ የለም። ከእኛ በፊት የልጁ ስም የተጠራበት ጎረቤቴ ብድግ ብሎ ጮኸ፣ ማለ፣ ልጁ የሌለበትን በሽታ ሁሉ ቆጠረ፤ ስሙ ተሰረዘለት። እኔስ? ጫማዬን አየሁ። አብዲ ደግሞ እኔን አየኝ። በሳምንቱ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባ።

አንድ ማክሰኞ ወሬ መጣ። ምልምሎቹ ሐሙስ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሊጫኑ ነው፤ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተሰብ ማየት ይችላል። ልነግረው የቆረጥኩት፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ” የሚል ነበር። አምስት ቃል። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኔ የአንድ ወር ንግግር ነው።

ረቡዕ ማለዳ ፓፓያ የማመላልስባትን አሮጌ ፒካፕ ከመንደራችን ከቢዮ አዋሌ አስነሳሁ። ቁልቁለቱን እንደ ምንም ወረደች። ከተማ ከገባን በኋላ ግን እግሬን ከነዳጅ መርገጫው ባነሳሁ ቁጥር ተንቀጥቅጣ ትጠፋለች። ገበያው ሰፈር መጋላ ስንደርስ ጭራሽ እምቢ አለች። ሰዓቱ አራት ሆኗል።

መጋላ ውስጥ መኪና ቆመ ማለት ሸንጎ ተሰየመ ማለት ነው። ዩሱፍ የሚባል የሰፈሩ መካኒክ የሞተሩን ክዳን ሳያነሳ ስምንት ሊቃውንት ከበቡን። አንዱ ካንዴላው ነው አለ፤ ሌላው ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል ብሎ በሶማሊኛ ማለ። ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት የሰው ዓይን ነው አለች፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያቀረበችው እሷ ነበረች። ዩሱፍ ግን፣ “አብሽር አባባ፣ ካርቡራተሩ ነው” ብሎ ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመው። ሞተሩ ተነሣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ጠፋ። ሰባት ሰዓት ሆነ።

ያኔ ዩሱፍ ላቡን ጠርጎ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሞተር አየር የሚስበው በካርቡራተር በኩል ነው፣ እዚያ ከቤንዚን ጋር ይደባለቃል፤ አየር በሌላ ቀዳዳ ሰርቆ ከገባ ግን ቤንዚኑ ይሳሳና ሞተሩ አቅም ያጣል አለን። ሌባ በጓሮ እንደሚገባ ማለት ነው። ሞተሩ እንዳይጠፋ አንዱን ሊቅ ነዳጅ አስረግጦ፣ አጭር የጎማ ቱቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ደቀነ፤ ሌላውን በሞተሩ ዙሪያ ያዞር ጀመር። የሚፈልገው ፉጨት ነው። ግን እንዴት ይስማ? ሊቃውንቱ ይጠይቁታል፣ እሱ ለሁሉም ይመልሳል። “ወሪያ፣ ዝም በሉ!” ብሎ ጮኸባቸው፤ አስቀድሞ ዝም ማለት ያለበት ማን እንደሆነ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ “አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ ያላልከው አንተ ብቻ ነህ፤ እንካ፣ አንተ ስማ” አለኝ።

ሰማሁ። ሞተሩ ፍሬኑን ለማገዝ አየር በሚስብበት፣ ወደ ፍሬን በሚሄደው የጎማ ቱቦ ሥር፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ፣ ስስ ፉጨት አለ። በጣቴ አሳየሁት። ዩሱፍ ቦታውን በአውራ ጣቱ ደፈነው፤ ሞተሩ ወዲያው ረጋ። ለቀቀው፤ ተንቀጠቀጠ። የተሰነጠቀውን ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ጣለና የቀረውን መልሶ ሰክቶ በሽቦ ጠፈረው። ያ ሁሉ ጉባኤ ለዚህ ነበር።

ዩሱፍ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ፍሬኑ ሲረገጥ ጠጥሮብህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወር አልፎታል አልኩት። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ቢለኝ፣ አልጠየቅከኝም አልኩ። መፍቻውን መሬት ላይ ጣለው። “ያ አላህ! ጠዋት ይህችን ብትናገር እኮ በሩብ ሰዓት እንጨርስ ነበር!” ሸንጎው በሦስት ቋንቋ ሳቀብኝ። ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሁርሶ በር ላይ ስደርስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። አብዲ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ መጣ። “አባ፣ ምነው ዘገየህ?” አለኝ። እነዚያን አምስት ቃላት ማውጣት የነበረብኝ ያኔ ነው። መኪናዋ አየር ገባባት አልኩት። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ስለ ቱቦው ነገርኩት፣ ስለ ፉጨቱ ነገርኩት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ካርቡራተር በእንጨት ሳልኩለት። ዩሱፍ ሽቦውን ስንት ጊዜ እንደጠመዘዘው ሳይቀር አልተውኩም። አብዲ ያዳምጠኛል፤ በእኛ ቤት የማዳመጥ ተራ የእኔ ነበር። ፊሽካ ተነፋ።

እጄን ስሞ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ። “አባ፣ ለካስ መናገር ትችላለህ” አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩ ተዘጋ።

ስመለስ መኪናዋ አንድ ጊዜም አልጠፋችም። መንገዱ ለማሰብ በቂ ነበር፤ ቢዮ አዋሌ ሳልደርስ ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የአንድ ልጇ ስም ተጠራባት። ሴትየዋ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች። እኔ እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ እጄ ከፍ ብሎ አይቶ ስለማያውቅ ሽንት የያዘኝ መሰለው። “ውጣ አባባ፣ ተፈቅዶልሃል” አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩና፣ ሳልወጣ፣ ቆሜ መናገር ጀመርኩ።