አቶ ገረመውና የሀይሚ ደቂቃዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ተንባይ የሌለው ኮንዶሚኒየም የለም። ቤቱ በዕጣ ይደርሳል፤ ተንባዩ ግን ያለ ዕጣ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ ዝናቡ የት እንደደረሰ፣ የማን ልጅ ማንን እንደምታገባ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ቦሌ አራብሳ ላይ ለእነ ፀሐይነሽ ብሎክ የደረሱት ክቡር አቶ ገረመው ናቸው።

አቶ ገረመው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዕውቀታቸውን በሙሉ ለቅርጫት ኳስ አውለዋል። በወጣትነታቸው ተጫውተዋል ይባላል፤ ለየትኛው ቡድን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ቡድኑ እንደ ጠያቂው ዕድሜ ይለዋወጣል። ቁመታቸው ምስክር አያስፈልገውም። የደረጃውን አምፖል ያለ ወንበር የሚቀይሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቦሌ ያለው የግል ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ የውድድር ዓመቱን ሊጀምር ሲቃረብ፣ ምድር ቤት ካለው የራህማ ሱቅ ደጃፍ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ። ከዚያ የትኛው ተጫዋች ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደሚቆይ ያውጃሉ። ማን ያሸንፋል የሚለውን ለተራ ሰው ትተውታል።

«ውጤትማ ማንም ይገምታል» ይላሉ። «ዕውቀት የሚጠይቀው ደቂቃው ነው።»

ጨዋታው አርባ ደቂቃ ነው። ሊቀ ትንቢት ገረመው አርባዋን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሷታል፤ ለዚህ ሠላሳ ሁለት፣ ለዚያ አሥራ አንድ ተኩል። ተኩሏ ከየት እንደመጣች የጠየቃቸው የለም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ተሳክቶላቸው አያውቅም።

ዓምና «ይሄ ምሰሶ ነው፣ ሠላሳ አምስት አያንሰውም» ያሉት ረጅም ልጅ፣ ገና ሲያሟሙቅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ዓመቱን በክራንች ጨረሰ። «ወንበር ያሞቃል» ያሉትን ተክለብርሃንን ደግሞ ከሜዳ የሚያስወጣው ጠፋ። ውሃ ማክሰኞ ይመጣል ካሉ፣ ራህማ ባዶ ጀሪካን ለሽያጭ ሱቋ ደጃፍ ትደረድራለች፤ ሰኞ ሳይመሽ አንድም አይተርፋትም። ዝናብ የለም ባሉ ቀን ደግሞ የብሎኩ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይወጣል።

ይህ ከታወቀ ወዲህ የአቶ ገረመው ክብር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው ሁልጊዜ ትክክል ከሆነ ሰው እኩል ይጠቅማል። የኮሌጁ ተጫዋቾች ማኪያቶ እየጋበዙ «ጋሽ ገሬ፣ እባክዎ ዘንድሮ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እንግዲህ ሳይንሱ ካለ» እያሉ ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ።

ዘንድሮ የሴቶቹን ቡድን ደቂቃ ሲቆርሱ ተራው የፀሐይነሽ ልጅ የሀይሚ ሆነ።

«ሀይሚ» አሉ አቶ ገረመው፤ ሰማዩን አዩ። «አራት ደቂቃ። እሱም ጨዋታው ካለቀለት በኋላ።»

ደጃፉ ላይ የቆሙት አጨበጨቡ። ራህማ ከሱቋ መስኮት «ማሻአላህ፣ ልጃችን ልትነግሥ ነው» አለች።

ፀሐይነሽ ሾላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ውላ ከታክሲ መውረዷ ነበር። ሰማች። የራህማን መስኮት ይዛ ቆመች።

ታላቁ ልጇ ቢሩክ የሞተው ሲጫወት ነው። እሑድ ጠዋት፣ ከሰፈር ልጆች ጋር፣ እግር ኳስ። ማንም አልነካውም። ሜዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ደክሞት ነው አሉ፤ አልተነሳም። ልቡ ነው አሏት በኋላ። ሀይሚን ዓመት ሙሉ ኳስ ከለከለቻት። ልጅቷ መብሏም ወሬዋም ሲቀንስ ጊዜ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ በመሣሪያ አየና «ልቧ ጤነኛ ነው» አለ።

«ነገስ?» አለች ፀሐይነሽ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጣጠፈና ሰጣት።

እንዲህ ሆኖ ሀይሚ ወደ ቡድኑ ተመለሰች፤ ዓምና ግን ዓመቱን ከሞላ ጎደል በተቀያሪነት ጨረሰችው። ፀሐይነሽ ይህን ችላዋለች። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይወድቅም።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ገረመው ደረጃው ላይ ጫማቸውን ሲቦርሹ አገኘቻቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ገረመው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ፣ አረፍ በይ።»

«አልቀመጥም። የሀይሚን ይቀይሩልኝ። አራት ያሉትን አርባ ይበሉልኝ።»

አቶ ገረመው ብሩሹን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። «ትንበያ እኮ ሽንኩርት አይደለም፣ እያገላበጡ የሚመርጡት።»

«ያድርጉልኝ።»

«ትንሽ እንድትጫወት አይደለም የምትፈልጊው? አራት ትንሽ ነው። ምን ከፋሽ?»

ፀሐይነሽ መሬት መሬት አየች። ይህን ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው የለም። «እርስዎ ያሉት ነገር… ብዙ ጊዜ…»

«ይገለበጣል» አሉ አቶ ገረመው፤ ብሩሹን አስቀመጡ። «የማላውቅ መስሎሽ ነው? ማኪያቶውን የሚጋብዙኝ ለጨዋታዬ ይመስልሻል?»

ፀሐይነሽ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«አራት ይበሉልኝ ያለችኝ ራሷ ሀይሚ ናት። እማ እንዳትሰማ ብላ።»

ይሄን ጊዜ ፀሐይነሽ ተቀመጠች። «ሌላስ ምን አለች?»

«እማ ስትፈራ እያየሁ እኔም መፍራት ጀመርኩ አለች። ደረጃ ስወጣ እፈራለሁ፣ ስተኛ እፈራለሁ፣ የማልፈራው ሜዳ ላይ ብቻ ነው አለችኝ።»

«እኔ የቀረችኝ እሷ ናት ጋሽ ገረመው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አርባ ይበሉልኝ።»

አቶ ገረመው አንዱን ጫማ አንስተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። «አርባም አልልም፤ አራቱንም አንስቻለሁ። የሷን አልናገርም።»

ለፀሐይነሽ የከፋው ይህ ነበር። ወሬው በአንድ ቀን ብሎኩን አዳረሰ። አቶ ገረመው ስለማያውቁት ነገር ሲናገሩ እንጂ ሲተዉ የታዩበት ቀን የለም። ራህማ ዘይት እየቀዳች «ወላሂ የሆነ ነገር ታይቷቸው ነው ዝም ያሉት» አለች፤ ቀና ስትል ፀሐይነሽን አየቻት። «ምላሴን ይቁረጠው። ዝም ብዬ ነው እኮ የማወራው።»

ፀሐይነሽ ሾላ ላይ ኮረሪማ ለጠየቀቻት ሴት ጥቁር አዝሙድ መዘነች። ማታ ማታ ሀይሚ ደረጃውን ስትወጣ እርምጃዋን ታዳምጣለች፤ ከፈጠነች ለምን ፈጠነች፣ ከዘገየች ለምን ዘገየች። ልጅቷ «እማ፣ ምነው?» ስትላት «ምንም፣ እራት ቀርቧል» ትላለች፤ እራቱ አልቀረበም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ፀሐይነሽ አልሄድም አለች፤ ቤት ተቀምጦ ስልክ መጠበቁ ደግሞ ባሰባት። አቶ ገረመው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከደረጃው ሥር ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ታክሲ ውስጥ እስከ ቦሌ ድረስ አንድም ነገር አልተነበዩም። መንገዱ ሲዘጋጋ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት።

አሠልጣኟ ሣባ ሀይሚን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር አስገባቻት። ፀሐይነሽ ልጇ ወደ መሃል ስትሮጥ አየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ይንገሩኝ» አለች ከውስጥ።

«ምኑን?»

«የሚሆነውን አይደለም። የሆነውን።»

አቶ ገረመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዲስ ሥራ እንደጀመረ ሰው ነበሩ። «ቆማለች» አሉ። «ኳስ ተቀበለች። ለአጭሯ ልጅ ሰጠች። እየሮጠች ነው። ቆማለች። አሁን በቀኝ በኩል ታልፍና…»

«ጋሽ ገረመው።»

«ቆማለች።»

በሕይወታቸው እንዲህ ተሳክቶላቸው አያውቅም። ውሃ ጠጣች ሲሉ ጠጥታለች፤ ሳቀች ሲሉ ስቃለች። እረፍት ሆነ፤ እረፍት አለቀ። ፀሐይነሽ በነጠላው ውስጥ እያንዳንዷን ቃል እንደ ዳዊት ትደግማለች።

ሦስተኛው የጨዋታ ክፍል ላይ የሆነ ነገር ወለሉን መታ። ፊሽካ ተነፋ። ጩኸቱ ቆመ፤ የአቶ ገረመው ድምፅም አብሮ ቆመ።

«ጋሽ ገረመው?»

መልስ የለም።

«ጋሽ ገረመው፣ የት ናት?»

ፀሐይነሽ ሌላ ሰው እስኪነግራት አልጠበቀችም። የቢሩክን የነገሯት ሌሎች ናቸው። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

ሀይሚ ቅርጫቱ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። ሁለት ልጆች አጎንብሰውባታል። ፀሐይነሽ ብድግ አለች። አንድ እጅ ከወለሉ ላይ ተነሳ። የተጋጣሚው ቡድን ልጅ እጁን ይዛ ሳበች። ሀይሚ ቆመች፣ ማሊያዋን ጎተት አደረገች፣ ወደ ተመልካቹ ዞራ እናቷን ፈለገች። ስታገኛት አውራ ጣቷን አሳየቻት።

ፀሐይነሽ ወደ ጎን ዞረች። ሊቀ ትንቢት ገረመው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ ጭነው አጎንብሰዋል።

«ጋሽ ገረመው፣ ተነሥታለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ከኮፍያው ሥር።

«እያየኋት ነው።»

«አሁንስ?»

«ነፃ ውርወራ ሰጧት። ሁለት ኳስ።»

«ታገባለች እንዳትዪኝ።»

«አልልም።» አጠገባቸው ተቀመጠችና የኮታቸውን እጅጌ ያዘች። ዓይኗን ከሜዳው አልነቀለችም። «ወረወረች። ሳተች። ምንም አይደል፣ እየሳቀች ነው። ሁለተኛዋን ተቀበለች። ኳሷን አነጠረች። ትንፋሽ ወሰደች።»