በደሞዝ መንጃ ፈቃድና በአምስተኛው ዋንጫ ጉዳይ

የዘንዘልማ ቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ
ቀን፦ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ በወ/ሮ ባንቺአየሁ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦ አቶ ኪዳነ ወልድ (የማኅበሩ ሙሴና ሰብሳቢ)፣ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል፣ ወ/ሮ ባንቺአየሁ (የወሩ ደጋሽ)፣ ወ/ሮ ትንቢት (የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ)፣ አቶ ደሞዝ (የጢስ ዓባይ መስመር ሚኒባስ ሹፌር፣ ባለጉዳይ)፣ አቶ አካሉ፣ ሣህሉ (ፀሐፊ)።

ከአሥራ ሁለት አባላት ሰባቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ አካሉ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለው ሃያ ደቂቃ ካከራከረ በኋላ፣ ማንኮራፋታቸው ከሩቅ ስለሚሰማ እንዲቆጠሩ ተወስኗል።

የጉዳዩ መነሻ፦ ጥር 12 ቀን ማኅበሩ እዚሁ ግቢ ተጠጥቶ፣ አቶ ደሞዝ አባላቱን በሚኒባሳቸው ወደየቤታቸው ሲያደርሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የቆመ ጋሪ ገጭተዋል። የጋሪው ጎማ ተሰብሯል፤ ፈረሱ ደህና ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ትንፋሻቸውን በመሣሪያ ለክቶ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዟል። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

አጀንዳ 1፦ ለፍርድ ቤቱ ስለሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ

ሰብሳቢው የተጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ጠላ እንጂ የመሸታ ቤት መጠጥ አለመሆኑ በማኅተም እንዲጻፍ አሳሰቡ። ወ/ሮ ትንቢት መሣሪያው የመልአኩን ጠላ ከመሸታ ቤቱ እንደማይለይ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር በገንዘብ እንደሚያስቀጣና መንጃ ፈቃድ እንደሚያሳግድ፣ ሰው ተጎድቶ ቢሆን ደግሞ እስራትም ሊኖር ይችል እንደነበር አስረዱ። ሰብሳቢው ዕለቱ ቃና ዘገሊላ እንደነበረና ጌታም ውኃውን ወይን እንዳደረገ አነሡ። መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል የቃና እንግዶች ወደ ቤታቸው የሄዱት በእግራቸው መሆኑን ገልጸው ተቀመጡ።

እንግዲያው ደብዳቤው «ጠላው ቀጭን ነበር» ይበል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ብድግ ብለው፣ ጠላቸው ቀጭን ተብሎ በዳኛ ፊት ከሚነበብ ደሞዝ ዓመት ቢታሰር እንደሚመርጡ ተናገሩ። ካስፈለገም አንድ ማሰሮ ይዘው ቀርበው ዳኛው ራሳቸው እንዲቀምሱ ጠየቁ። ዳኛውም መኪና ሊነዱ ስለሚችሉ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ጠላው ለበዓሉ የሚመጥን ነበር» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማን ስንት እንዳጠጣ

ሰብሳቢው «በሞቴ» ተብሎ የቀረበን ዋንጫ መመለስ ነውር ስለሆነ ጥፋቱ የሹፌሩ አለመሆኑ በደብዳቤው እንዲገባ ጠየቁ። ወ/ሮ ትንቢት እንዲያ ከሆነ «በሞቴ» ያሉት ሁሉ በስማቸው ይፈርሙ አሉ። ጸጥታ ሆነ። ፀሐፊው በዚህ ማኅበር ጸጥታ ሲመዘግብ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

በተደረገው ማጣራት አንደኛውን ዋንጫ ወ/ሮ ባንቺአየሁ ደጋሽ ስለሆኑ ሰጥተዋል። ሁለተኛውን ሰብሳቢው «በአንድ እግር አይኬድም» ብለው፣ ሦስተኛውን መሪጌታ በሥላሴ ስም ሰጥተዋል። አራተኛው የአቶ አካሉ ነው ተብሎ፣ ተኝተው ስላልተቃወሙ እንዳመኑ ተቆጥሯል። አምስተኛውን፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በመስኮት ያቀበለው አባል ስሙ እንዲቆይለት ጠይቆ ተፈቅዶለታል።

ወ/ሮ ትንቢት ይህ ደብዳቤ ከደረሰ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር እንደማያስፈልገው አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው በምስጋና ተመዝግቦ ደብዳቤው እንዲላክ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ወደፊቱ

ለሹፌር «በሞቴ» ማለት እንዲከለከል፣ «አፈር ስሆን» ማለት ግን እንዲፈቀድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ልዩ ልዩ

እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት አቶ ደሞዝ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። ቃላቸው እንዳለ ይመዝገብ ስለተባለ ተመዝግቧል፦

«ጠጣሁ፤ ነዳሁ። ከጋሪው ጎን አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ነበር። በእሷና በመኪናዬ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን በከደንሁ ቁጥር እሷን ነው የማይ። መንጃዬ ከታገደ ልጆቼን በምን እንደማሳድር አላውቅም። ግን የጠላውን ውፍረት አትጻፉልኝ። እዚያ ስቆም ከጎኔ የሚቆም ሰው ነው የምሻ።»

አቶ አካሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አራተኛው ዋንጫ በእርግጥም የእሳቸው መሆኑን ተናገሩ። መቼ እንደነቁ አልታወቀም። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ጠላቸው ወፍራም እንደነበረ፣ ለሹፌር መቅዳታቸው ግን እንዳሳፈራቸው ገለጹ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

1. በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ደብዳቤው ተቀድዷል።
2. «አፈር ስሆን»ም ተከልክሏል።
3. ያጠጡት ሁሉ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከአቶ ደሞዝ ጋር ይገኛሉ። የጋሪውን ጎማም ያሠራሉ።
4. ስሙ እንዲቆይለት ጠይቆ የነበረው አባል ጥያቄውን አንሥቷል።

ስብሰባው 11፡05 ላይ አብቅቶ ሁሉም በእግሩ ሄዷል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘውና አምስተኛውን ዋንጫ በመስኮት ያቀበለው
ሣህሉ፣ ፀሐፊ
(ፊርማ)