የስልሳ እርምጃው ድልድይ እና ሁለቱ መገናኛ ሬዲዮኖች

የሁለቱ ጎረቤት አገሮች የድልድይ ጸጥታና ንግድ የጋራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 (የተጠራው ለ2፡30 ነበር)
ቦታ፦ ከወንዙ በእኛ በኩል ያለው ጉምሩክ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮቱ ድልድዩን የሚያሳየው ክፍል

የተገኙ አባላት፦ የእኛ ጉምሩክ ኃላፊ (ሰብሳቢ)፣ የማዶው ጉምሩክ ኃላፊ (ምክትል ሰብሳቢ፤ በታችኛው መሻገሪያ አራት ሰዓት ዞረው የመጡ)፣ የቲማቲም ነጋዴዋ፣ መምህሩ (ፀሐፊ)
ያልተገኙ፦ የማዶ ነጋዴዎች ተወካይ። ምክንያት፦ ድልድዩ ዝግ ነው።
በታዛቢነት፦ የሁለት ታላላቅ አገሮች አማካሪዎች

ምልዓተ ጉባኤው አራት ሰው ስለሆነና ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው፣ በጭንቅ ተሟልቷል። ከታዛቢዎቹ “የአንደኛው ታላቅ አገር አማካሪ” ተብሎ የሚመዘገበው ማን እንደሆነ ሃያ አምስት ደቂቃ ከተከራከሩበት በኋላ፣ አንዱ “ረጅሙ”፣ ሌላው “መነጽራሙ” እንዲባሉ ተወሰነ። መነጽራሙ “ረጅሙ” የሚለው ቃል ያበላልጣል ሲሉ ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 1፦ የድልድዩ ጸጥታ

ሰብሳቢው ሁኔታውን አስረዱ። ለእኛው ዘብ የረጅሙ አገር፣ ለማዶው ዘብ የመነጽራሙ አገር መገናኛ ሬዲዮ ሰጥተዋል። ሁለቱ ሬዲዮኖች እርስ በርስ አይሰማሙም። መመሪያው ግን ዘቦቹ በሬዲዮ ሳይነጋገሩ ሰው እንዳያሳልፉ ስለሚል ድልድዩ ከተዘጋ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

ረጅሙ ለማዶው ዘብም የአገራቸውን ሬዲዮ በነጻ ለመስጠት ቃል ገቡ። መነጽራሙ ለእኛው ዘብ የእሳቸውን ሬዲዮ፣ በተጨማሪም የዝናብ ካፖርት እንደሚሰጡ ገለጹ። ረጅሙ፣ “ካፖርቱ ጣልቃ ገብነት ነው” አሉ።

ምክትል ሰብሳቢው በዘቦቹ መካከል ያለው ርቀት ስልሳ እርምጃ ስለሆነ በአፍ ቢነጋገሩ ምን ችግር እንዳለው ጠየቁ። ረጅሙ አፍ ምስጢር እንደማይጠብቅ አስረዱ። መነጽራሙም በዚህ ተስማሙ። የሁለቱ ታላላቅ አገሮች ስምምነት በጭብጨባ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱን ሬዲዮኖች የሚያገናኝ ሦስተኛ ሬዲዮ ከሦስተኛ ታላቅ አገር እንዲጠየቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የጋራ ገበያ

ረጅሙ አገራቸው በእኛ በኩል ያለውን መንገድ አስፋልት እንደምታለብስ፣ መነጽራሙ ደግሞ አገራቸው በማዶ ትልቅ መጋዘን እንደምትሠራ አበሰሩ። አስፋልቱ መጋዘኑ ከመሠራቱ በፊት፣ መጋዘኑም አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት እንዳይጀመር ሁለቱም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ።

የቲማቲም ነጋዴዋ አርባ ሣጥን ቲማቲም በር ላይ ጋሪ ላይ እንዳለ፣ ከሥር ያለውም መፍሰስ እንደጀመረ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ በቲማቲም ላይ የስምንት ወር ጥናት እንዲካሄድ ተወሰነ። ነጋዴዋ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የእኛው ዘብ ሚስት ያቀረበችው ማመልከቻ ተነበበ። የማዶው ዘብ ወንድሟ ነው፤ እናቷም ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው። “ከማዶ ጋር በአፍ መነጋገር ስለተከለከለ፣ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ እናቴን በእጅ ምልክት ብቻ ነው የማናግራት። ዛሬ ጠዋት ጉልበቷን እያሳየች አለቀሰች። ወድቃ ይሁን፣ አሟት ይሁን አላወቅሁም” ይላል። ረጅሙ ጉዳዩ የቤተሰብ ነው ወይስ የጸጥታ የሚለው ይጣራ አሉ።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ነጋዴዋ በመውጣታቸው ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አስተዋሉ። እንዲመልሳቸው ፀሐፊው ተላከ። በዚህም ምልዓተ ጉባኤው ይበልጥ ጎደለ።

ፀሐፊው ያየውን እንደሚከተለው ሪፖርት አድርጓል። ነጋዴዋ ጋሪያቸውን እየገፉ ድልድዩ ላይ ወጥተዋል። የእኛው ዘብ ሬዲዮውን አፉ ላይ ደቅኖ ይጮኻል፤ ሬዲዮው ዝም ብሏል። እሳቸውም፣ “አማቾች ናችሁ፤ ተነጋግራችሁ ንገሩኝ። እኔ እየሄድኩ እጠብቃችኋለሁ” አሉት። ዘቡ ፀሐፊውን አየው። ፀሐፊው ወንዙን አየ። ከዚያ ዘቡ ሬዲዮውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጋሪውን ከኋላ መግፋት ጀመረ፤ የማዶውም መጥቶ ከፊት ጎተተ። በድልድዩ አፍ ቆማ የነበረችው የእኛው ዘብ ሚስት ሁሉንም ቀድማ እየሮጠች ተሻገረች። እናትየው ከወደቀች አምስት ቀኗ ነበር፤ ጉልበቷ አብጧል። ልጅቷ መሬት ቁጭ ብላ እግሯን ታሽላት ነበር። ወዲያው ከሁለቱም ወገን ሰው ድልድዩን ሞላው።

መነጽራሙ ፈቃዱ በየትኛው ሬዲዮ እንደተላለፈ ጠየቁ። ቀጥሎም ሁለቱም አማካሪዎች ድልድዩ የተከፈተው በአገራቸው ጥረት መሆኑ እንዲመዘገብ በየተራ ጠየቁ።

ምልዓተ ጉባኤው እንደጎደለ ቢሆንም፣ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማንም ሳይፈቅድ ተከፈተ ከማለት አልተዘጋም ነበር ማለት ስለሚሻል፣ ድልድዩ ተዘግቶ እንደማያውቅ ይቆጠራል። ያልተዘጋን ድልድይ ለመክፈት ስብሰባ ስለማያስፈልግ፣ ይህም ስብሰባ አልተካሄደም። ፀሐፊው ታዲያ ምን ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ይህንኑ በጥንቃቄ እንዲጽፍ አዘዙት።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 6፡40 ላይ ተበተነ። ምክትል ሰብሳቢው በድልድዩ ወደ ቤታቸው ሄደዋል።