ብርቱው ፓምፕ

(ግቢ ውስጥ ያረጀች መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ጡረታ የወጣው የፊዚክስ መምህርና የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለሱቁ አማርጡ ብሎ የሰጣቸውን ሁለት የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፖች ይዘው ይከራከራሉ።)

መምህሩ፦ ብርቱውን ነው የምገጥመው። አለቀ።

አማቹ፦ ጋሼ፣ እሱ ለዘመናዊ መኪና ነው ብሏል እኮ ባለሱቁ። የዚህች አሮጊት ካርቡሬተር ቤንዚን በቀስታ ነው የሚፈልገው። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ቧንቧ አይከፈትበትም።

መምህሩ፦ አንተ ፀጉርህን ቁረጥ። ዳገት ላይ የምትቆመው ቤንዚን አልደርስ እያላት ነው። እህትህ ደግሞ መኪናዋ ዳግመኛ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች ብላ ምላለች። እሷ ከተሸጠች እዚህ ቤት ማን ይታዘዘኛል?

አማቹ፦ አሁንስ መቼ ታዘዘችዎት?

መምህሩ፦ ትናንት ሁለት ጊዜ ቆመች፣ ሁለቴም ተነሣች።

አማቹ፦ የተነሣችው እኔ ቤንዚን መኖሩን ካየሁ በኋላ ነው።

መምህሩ፦ ጌጁ ሙሉ እያለ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ማጮለቅ ምን ይሉታል? መንገደኛው ሁሉ ሳቀብን።

አማቹ፦ እኔ በዐይኔ ካላየሁ አላምንም። ግን ጋሼ፣ ክዳኑን ስከፍተው እፍስ ብሎ አየር የሚስበው ለምንድን ነው?

መምህሩ፦ እህትህ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ ብላ ብትነዘንዘኝ፣ የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ በማስቲሽ ደፈንኩት።

አማቹ፦ መቼ?

መምህሩ፦ ባለፈው ወር። መቆም ከመጀመሯ ሁለት ቀን... (ፓምፑን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።)

አማቹ፦ ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?

መምህሩ፦ ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ፣ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። መኪናዋ ትንፋሽ የምታገኘው አንተ ክዳኑን ስትከፍት ነው።

አማቹ፦ እና የትኛውን ፓምፕ እንመልስ?

መምህሩ፦ ሁለቱንም። የሚያስፈልጋት የክዳኑን ቀዳዳ መውጊያ የልብስ መርፌ ነው። ሠላሳ ዓመት የአየር ግፊት ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ መኪናዬን አንቄ ልገድላት ነበር። አደራህን፣ ለማንም እንዳታወራ።

አማቹ፦ አላወራም። እርስዎ ፊዚክስ ሲያስተምሩኝ እኔን ራሴን ፈተና የጣሉኝኮ በዚሁ ነው። የሞላ ጀሪካን አፉ ጠቦ ዘይቱ አልወርድ ሲል ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ አውጥተው ነበር። "ሌላ ቀዳዳ ይበሳለት" ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱን አላብራራህም ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤት ገባሁ።

መምህሩ፦ (ፀጉሩን እየዳበሰ) እንግዲያው ነገ መጥቼ ጭንቅላቴን ትላጨኛለህ። ውስጡን እንደሆነ ዛሬ አይተኸዋል።