ጋሼ ተክለብርሃንና የፒተር አጥር

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አጥሩን የሚነካው የለም!

የማን አጥር? ቆዩ እንጂ፣ መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

አበሻ በሰፈረበት ሁሉ አንድ የቃል ሥር ቆፋሪ አይጠፋም። የኛ የአበሾች ሰፈር፣ የፌርፋክስ ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ተክለብርሃን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት። ለእሳቸው የዓለም ቃል ሁሉ ከግዕዝ የተሰረቀ ነው። «ሥሩን ቆፍረው!» ይላሉ፤ ሲቆፈር ምንጊዜም እኛ ደጅ ይወጣል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እዚህ ፓርክ አያድርጉ» ብላቸው፣ «ፓርክ ከምን መጣ? በግዕዝ በረከ ማለት ተንበረከከ አይደል? ያው መኪናው ተንበረከከ!» እያሉ ሲያስረዱኝ የተንበረከከው መኪና ተጎትቶ ሄደ። «ይሂድ፤ ቃሉ ግን የኛ ነው» አሉ።

ቤት ለውጠው ዌስት አዳምስ የሚባለው ሰፈር ሲገቡ ከነዕቃቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

እዚያ በሽቦ አጥር የሚዋሰኗቸው ፒተር የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ወገኖቻቸው በሃይማኖታቸው ምክንያት አገር ላገር ዞረው ሜክሲኮ የሰፈሩ ሜኖናውያን ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በፕላውትዲች፣ በጀርመንኛ ዘመድ ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን በቋንቋው የሚያናግሩት ሰው የለም። አንድ ጠዋት አጥሩን ዳበስ አድርገው «ድሮትቱን» አሉ፣ ለራሳቸው።

ጋሼ ይለፏት? «ድር! ሽቦ ድር አይደል? ሥሩን ቆፍረው!»

«የምን ድር!» ፒተር ቱግ አሉ። «ድሮት ሽቦ፣ ቱን አጥር! እንግሊዞቹ እንኳ ከተማን ታውን የሚሉት ከዚሁ ከቱን ወገን ነው፤ የታጠረ ቦታ ነበራ!»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሽቦው ግራና ቀኝ ሙግት ሆነ። እናላችሁ፣ ሳንታ ሞኒካ የምትኖረው የፒተር ልጅ ሽቦውን አስነቅላ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የእንጨት አጥር ልታቆም ስትነሣ፣ ጋሼ እህል አልወርድ አላቸው። «ከሳንቃ ጋር ልከራከር ነው እንግዲህ?» አሉኝ።

ዛሬ ሠራተኞቹ መጡ። ጋሼ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ፒተር፣ ቆፈርኩት። የኛ አይደለም። የእናትህ ነው። እስቲ ድገምልኝ፣ በደንብ ልያዘው።»

ፒተር ደገሙላቸው። ከዚያ አላቆሙም፤ የበሩን፣ የላሙን፣ የጉድጓዱን ስም በእናታቸው ቋንቋ ያወርዱት ጀመር። ልጅቱ መኪናዋ አጠገብ ቆማ አዳመጠች።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም» አለችና ሠራተኞቹን አሰናበተች።

ጋሼ የተረቱ ዕለት ልስቅ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። የታለ ሳቁ? ጋሼ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «አንተ፣ ድሯን ግን አልተውኳትም» አሉኝ።

በሉ ልሂድ፤ ይህን ወሬ ለፌርፋክሷ ባለሱቅ ለእትዬ ሰርካዲስ ላድርስ፣ ሱቃቸውን ሳይዘጉ፣ ሌላ ሰውም ሳይቀድመኝ!