ማን ይቀበላቸው?

«አንጋፋ» የሚለውን ቃል ጠርጥሩት። ሰውን አንጋፋ ሲሉት የፊት ወንበር ይለቁለታል፣ ያጨበጭቡለታል፣ ማይክሮፎኑን ግን ለሌላ ያቀብላሉ። በሬም «ደህና አድርጎ ያርስ ነበር» የሚባለው ቀንበሩ ከወረደለት በኋላ ነው። ይህን የምላችሁ ስምንተኛ ክፍልን በጭንቅ የጨረስኩ፣ መምህር ሲጠይቅ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ። ብሳሳት አትፍረዱብኝ። ዝም የሚል ሰው ግን ብዙ ይሰማል።

አንጋፋው ድምፃዊ ጋሽ አጋዤ ወደ አገሬ መንዝ፣ ወደ ቀየት የመጡት ለአክስቴ ልጅ መልስ ነው፤ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዋ ወላጆች ቤት ተመልሰው ለሚጋበዙበት ቀን። አባቴ በወጣትነቱ የሳቸውን ካሴት ለመስማት ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር። ያኔ ከኋላቸው ጥሩምባ ነፊው፣ ጊታር መቺው፣ ከበሮ መቺው ይሰለፉ ነበር አሉ። አሁን ያስከተሉት አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻ ነው። እሱም ጉንፋን ይዞታል።

አክስቴ ቤት አረፉ። ምሳ ሊቀርብ ሲል እጅ ላስታጥብ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ሁለቱ ይነጋገራሉ።

«ጋሼ፣ ያቺን ቦታ ዝቅ አድርገን ብንጫወታትስ?»

«ሰው ያቺን ቦታ ሊሰማ እኮ ነው የተሰበሰበው። ባለፉት ሁለት ሠርጎች ድምፄ ከድቶኛል። ዛሬም ከከዳኝ በቃ፣ ሁለተኛ አልዘፍንም።»

ያቺ ቦታ «መንገዱ ይመልስሽ» የሚለው ዘፈናቸው ውስጥ ናት። «መንገዱ» ሲሉ በሜዳው ይሄዳሉ፤ «ይመልስሽ» ላይ ድምፁ የጓሳን ተራራ እንደሚወጣ ሰው ሽቅብ ይወጣል። ዳገት ደግሞ አንጋፋ አይልም።

ዘወር ሲሉ አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰማሽ እንዴ? ለማን ልትነግሪ ነው?»

አክስቴ ከጓዳ ሆና ነገሩን ሳታውቅ መለሰችላቸው፤ «እሷ? አይስጉ ጋሼ! ለዚህች ልጅ አፍ የተሰጣት ለምግብ ብቻ ነው!»

ዳሱ ሞላ። ጋሽ አጋዤ ሲዘፍኑ ሽማግሌዎቹ እንኳ በተቀመጡበት ትከሻቸውን ነቀነቁ። ያ ዘፈን ደረሰ። «መንገዱ…» አሉ፤ አፋቸው ተከፈተ፣ አንገታቸው ላይ ጅማቱ ተገተረ፣ ድምፅ ግን የለም። ኪቦርዱ ባዶውን ዞረ። እንደገና «መንገዱ…» አሉ። እንደገና ጭጭ። ማይክሮፎኑ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። መቼም እንደማይነሳ ከኔና ከኪቦርዱ ልጅ በቀር ማንም አላወቀም።

እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ዘፈን አውጪ አለው፣ ተቀባይ አለው፤ አውጪ ዝም ካለ ተቀበሉ ማለቱ ነው። ሳይቀበሉት መቅረት እንግዳን ከደጅ እንደ መመለስ ነው። ያን ቀን ግን እንግዳው ከተማ የከረሙ ስለሆኑ ሰው ሁሉ አፍሮ እርስ በርሱ ተያየ። ማን ይቀበላቸው?

«ይመልስሽ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከዳሱ ምሰሶ ኋላ ወጣ። እንደ ግልገል ይንቀጠቀጣል። የማን ነው ብዬ ዞር አልኩ። የኔ ነበር።

ወዲያው ዳሱ በሙሉ «ይመልስሽ!» ብሎ ተቀበለ። የጋሽ አጋዤ እጅ ተመልሶ ከፍ አለ። «መንገዱ…» ይላሉ፣ «ይመልስሽ» እንላለን። አክስቴ እያጨበጨበች ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማኋት፤ «አየሽ? ሌላው የከተማ ዘፋኝ ብቻውን ይጮሃል። እኚህ ግን ሰው አክባሪ ናቸው!» አንድ ሽማግሌ ተነስተው የበግ ጠጉር ባና ደረቡላቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። «ድምፄ እንደ ጠፋ አውቀሽ ነው ወይስ በአገርሽ ደንብ ነው የተቀበልሽኝ?»

መሬት መሬት እያየሁ «በደንቡ ነው» አልኩ። ውሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ይህቺን ግን እግዜርም ይቀበለኛል።

ከፋሲካ በኋላ አክስቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ በሬዲዮ ቀረቡ። ጠያቂው «አንጋፋው ድምፃዊ፣ ይህ ከሕዝቡ ጋር እየተቀባበሉ የሚዘፍኑበት አዲስ ስልት ከየት መጣ?» አላቸው።

«ከመንዝ፣ ከአንዲት መምህርት ነው የተማርኩት» አሉ።

ቤቱ ተንጫጫ። አባቴ «እኚህ ሰው ደግሞ መንዝ የት ተማሩ?» አለ። አክስቴ «የቷ መምህርት ትሆን?» እያለች በየተራ ፊታችንን አየች።

መልሱን አውቀዋለሁ። እጄን ግን አላወጣሁም።